ሉባባ ጓሮ የገባን ቀን

አረፋ ከግንቦት ማለቂያ ጋር በሚገጥምባቸው ዓመታት፣ ከቡታጅራ በላይ ያሉት መንደሮች ሁለት ዓይነት እንግዳ ይጠብቃሉ። አንዱ ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚገባው ዘመድ ነው። ሌላው ማንም ያልጠራው የዱር አሳማ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው አሳማ ከገደሉ ጥሻ ይወርድና የእንሰቱን ሥር በአፍንጫው እየቆፈረ ይበላል። አንድ እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ታውቃላችሁ። እሱ በአንድ ሌሊት አንድ መስመር አጋድሞ ይሄዳል።

እናንተ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ይዛችሁ የሰው ጓሮ ስለምትገቡ ይኼን ዛሬ ልንገራችሁ። ለጀብዱ ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ተመለሱ። አንበሳ የገደለ ይፎክራል፣ ጎሽ የጣለ ይዘፈንለታል። አሳማ ገድሎ የፎከረ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ሥጋውን እዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይቀምሰውም፤ ክራንቻውን ግድግዳው ላይ የሚሰቅል የለም። ትገድላለህ፣ ትቀብራለህ፣ ታጥበህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። በዚህ ሥራ ጀግና ቢኖር እንኳ ማን ያውቀዋል? እኔ ግን አንድ አውቃለሁ።

ጋሽ ነስሩ ይባላል። መስቃን ተወልዶ እዚያው የሸበተ፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲራመድ ደግሞ ጭራሽ የማይቸኩል ሰው ነው። ጠመንጃ አይወድም። «ጥይትን እንሰት አያቆመውም፣ ከእንሰቱ ኋላ ደግሞ ሰው የተኛበት ቤት አለ» ይላል። ስለዚህ ከወረዳው ፈቃድ ተቀብለን የምንወጣው በጦር ነበር። የሱ ጦር እጀታው ወይራ ነው፤ ከመያዝ ብዛት ለስልሶ አንጸባርቋል።

እኔን ታውቁኛላችሁ። አባቴ ለመምህርነት ከጎጃም መጥቶ ወልቂጤ የቀረ ሰው ነው። እዚያው ተወልጄ ቆጮ እየበላሁ አደግሁ፤ ቆጮው ከየት እንደሚወጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጋሽ ነስሩ ጋ ከመምጣቴ በፊት ጊቤ በረሃ ውስጥ ዱካ እያነበብኩ አዳኞችን መርቻለሁ። ስለዚህ ስመጣ ትንሽ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ እሱም ገብቶት ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ሦስተኛችን ሀብቴ ነው፣ የአገና ሰው፣ ዳኛና ምስክር የሚባሉ የሁለት ውሾች ጌታ። ለምን እንዲህ ብሎ እንደሰየማቸው ሲጠየቅ «አንዱ ይፈርዳል፣ ሌላው ያያል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ማየቱን ነበር የሚወዱት።

ጋሽ ነስሩ አንድ ወግ ነበረው። ጓሮ ከመግባቱ በፊት የቤቱን እመቤት ይጠራና «ቅደሚ» ይላታል። እሷ በዱላ መሬቱን እየነካካች ከፊት ትሄዳለች፣ እሱ ረግጣ ያለፈችበትን እየረገጠ ከኋላዋ ይከተላል፣ እኛ ከሱ ኋላ። መጀመሪያ ሳየው አክብሮት መሰለኝ። ሀብቴ ነው ያስረዳኝ። እንሰቱን የሚተክለው ወንዱ ነው፤ ፍቃ፣ አዘጋጅታ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ቆጮ የምታደርገው ግን ሴቷ ናት። ጉድጓዱ ሙሉ ሲሆን ድንጋይ ይጫንበታል፣ ይታያል። ባዶ ሲሆን ግን በደረቅ ኮባ ይሸፈናል፤ ጥቂት ቅጠል ከረገፈበት በኋላ ከሌላው መሬት አትለየውም። የት የት እንዳለ የምታውቀው የቀበረችው ናት። ባሏ እንኳ ሁሉንም አያውቅም።

ያን ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጠዋት ጉሙ ከተራራው ሳይነሳ አንዲት ሴት ጓሮ ገባን፤ ከመስመሩ ግማሹ ተገንድሷል። ዱካው ጭቃው ላይ ትኩስ ነበር፤ ሁለቱ ሰኮናዎች ሰፋ ብለው ተከፍተዋል፣ ከኋላ ያሉት ትንንሾቹ ጥፍሮችም ጭምር ጠልቀዋል። ከባድ ነው ማለት ነው። ሌላ ዱካ አብሮት ስለሌለ ብቸኛ ወንድ ነው። አጥሩ ላይ ጀርባውን ያከከበት ጭቃ ከወገቤ ይደርሳል። ጊቤም ሳለሁ እንዲህ ያለ አላየሁም።

ዱካው ረፋዱን ሙሉ ሲያዞረን ቆየና ውሾቹ እዚያው ጓሮ ጥግ አስነሱት። እኔ ያየሁት አንድ ቡኒ ነገር ሲያልፍ ብቻ ነው። ሀብቴ ቀድሞ ወረወረ፤ ጦሩ ትከሻው ላይ ገባ፣ እጀታው አጥሩን ሲጥስ ተሰብሮ ቀረ፣ አሳማው ስለቱን ተሸክሞ ጎረቤት ጓሮ ገባ። ዳኛና ምስክር እስከ አጥሩ ሮጠው እዚያው ቆመው ጮሁ። ጋሽ ነስሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ሀብቴን ነካ አደረገው፤ ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ።

የጎረቤቱ ቤት ተቆልፎ ነበር። ባለቤቷ ሉባባ መርካቶ ልብስ ትሸጣለች፤ ለዒድና ለአረፋ ካልሆነ አትመጣም። የጓሮዋ ጫፍ የሚያርፈው ጀፎረው ላይ ነው፣ ያ በቤቶቹ ፊት የሚያልፈው ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ። የመንደሩ ተማሪዎች ሁሉ በዚያ ነው ወደየቤታቸው የሚመለሱት። ለምሳ ሊለቀቁ ደግሞ ብዙ አልቀረም። የቆሰለ አሳማ የተኛበት አጥር ሥር ልጆች ኳስ እያንከባለሉ ሲያልፉ አሰብኩ። ሀብቴም ያንኑ አስቦ መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። የወጋው እሱ ነበርና።

እኔ እንግባ አልኩ። ደሙ ትኩስ ነው፣ ዱካው ግልጽ ነው፣ ምን እንጠብቃለን? ጋሽ ነስሩ መልስ ሳይሰጠኝ ሄዶ ሉባባ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣ። ወረዳ የሚደውል መስሎኝ ነበር።

«ሃሎ፣ አሰላሙ አለይኩም ሉባባ። ነስሩ ነኝ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። በሰላም ነው ጋሽ ነስሩ? በዚህ ሰዓት ደውለህ አታውቅም።»

«ሰላም ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ጓሮሽ አሳማ ገብቷል፣ ቁስለኛ ነው። ልጆቹ ሳይለቀቁ መጨረስ አለብን። ጉድጓዶችሽን ንገሪኝ።»

የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ከኋላዋ የመርካቶ ጫጫታ አለ፤ አንድ ሰው ዋጋ ይጠይቃል። «ወንድሜ፣ ለአሁኑ ቀጥሎ ያለውን ሱቅ እይ» አለችው። ደንበኛዋን በገዛ አፏ ለጎረቤት የሸኘች ነጋዴ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ከጓሮ በሩ ስትገቡ በቀኝ ሁለት አሉ» አለች። «ሙሉ ናቸው፣ ድንጋይ አላቸው፣ እነሱን አትፍሯቸው። ባዶው ዋንዛው ጋ ነው። ለዒድ መጥቼ ቆጮውን አውጥቼ በኮባ ሸፍኜው ነው የሄድኩት። ጥልቅ ነው፣ ያንተን ደረት ይደርሳል። አማቴ ያስቆፈሩት ነው።»

«ከዋንዛው በየት በኩል?»

«ለዋንዛው ጀርባህን ስጥና ወደ ጀፎረው ዙር። ፊት ለፊትህ ሁለት ትልልቅ እንሰቶች አሉ። መሃላቸው ነው።»

«ሌላ የለም?»

ዝም ብላ አሰበች። ያ ዝምታ ለኔ ረጅም ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ አውሬው ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። ጋሽ ነስሩ ግን አላቻኮላትም። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ሽማግሌ ፊት እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን አጎንብሶ ጠበቃት።

«የለም» አለች። «ወላሂ ሌላ የለም።»

«ባረከላህ። አትዝጊው፤ እስክንወጣ አብረሽን ሁኚ» አለና ስልኩን ሳይዘጋ ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ቁልፉን ቆለፈበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ። ሌላ ተግሣጽ አልነበረም።

በጦሩ እጀታ ጭቃው ላይ ሥዕል ሣለልን። ሀብቴ ውሾቹን ይዞ በጀፎረው በኩል ይገባል፣ እግረ መንገዱንም ሰው እንዳያልፍ ይከለክላል። ጋሽ ነስሩ ዋንዛው ሥር፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ ባዶውን ጉድጓድ ፊት ለፊቱ አድርጎ ይቆማል። እኔ ከሱ በስተቀኝ፣ ከአንደኛው ትልቅ እንሰት ጎን። «የቆሰለ አሳማ ያየውን ሰው ነው የሚመርጠው» አለ። «እኔን ይይ። አንተ እስክልህ ድረስ ቁም። እንዳትወረውር። ከእጅህ የወጣ ጦር ያንተ አይደለም።»

ገባን። ካፊያ ጀምሮ ነበር። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ካፊያ እንኳ ትልቅ ድምፅ ያወጣል፤ አውሬ አጠገብህ ቢተነፍስ አትሰማም። ደሙ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ተቀብቷል። ፈካ ያለና አየር የተቀላቀለበት ቢሆን ሳንባው ተነክቷል፣ ቶሎ ይወድቃል እንላለን። ይኼ ግን ጠቆር ያለና ወፍራም ነበር፤ የተነካው ሥጋው ብቻ ነው፣ ጉልበቱ እንዳለ ነው። በቀኝ ድንጋይ የተጫነባቸውን ሁለቱን ጉድጓዶች አለፍን። ጋሽ ነስሩ ወደ ኪሱ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ዋንዛው ጋ ደርሰናል» አለ። ከኪሱ ውስጥ «ሁለቱ እንሰቶች ይታዩሃል?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ይታዩኛል» አላት። መሃላቸው ያለው መሬት ከሌላው በምንም አይለይም። ብቻዬን ብሆን የምረግጠው እሱን ነበር፤ ደረቅና የተመቸ ይመስላል።

ቆምን። ከጀፎረው በኩል ሀብቴ አፏጨ፣ ዳኛና ምስክር ጮሁ። ቅጠል ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ነፋሱ ከሚሄድበት በተቃራኒ። ከዚያ መጣ። ትከሻው ላይ የሀብቴ ጦር ስባሪ ቆሞ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በቀጥታ ወደ ጋሽ ነስሩ። እኔን ዞሮም አላየኝ። ጋሽ ነስሩ ያሰበው ሁሉ እንዳሰበው ሆነ፤ የፊት እግሮቹ ኮባውን ሲነኩ መሬቱ ተከፈተ።

አለቀ አልኩ በልቤ። ግን ክብደቱንና ሩጫውን ማን ያቆመዋል? ደረቱ የጉድጓዱን ማዶ ጠርዝ መታና በኋላ እግሮቹ ግድግዳውን እየገፋ፣ ጭንቅላቱና ትከሻው ጋሽ ነስሩ እግር ሥር ብቅ አለ። ከጋሽ ነስሩ ኋላ ዋንዛው ነው፣ መሸሻ የለውም። በግራው የተጋደመ ግንድ አለ። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ቢል ይተርፍ ነበር። በቀኝ በኩል ግን እኔ ነበርኩ፤ እሱ ዞር ቢል አውሬው ቀጥሎ የሚያገኘው እኔን ነው። ይኼን ያወቅሁት አሁን ቁጭ ብዬ ሳወራው አይደለም፣ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። እሱም እንዳወቀ ዓይኑ ወደ እኔ መጥቶ ሲመለስ አይቻለሁ።

አልተንቀሳቀሰም። በርከክ ብሎ የጦሩን እጀታ የዋንዛው ሥር ላይ ተከለና ስለቱን አውሬው ደረት ላይ ደግፎ ያዘው። አሳማው ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ወይራው ይጎብጣል። ክራንቻው የጋሽ ነስሩን ጭን ከላይ እስከ ታች ሲቀደው አየሁ፤ እጁ ግን ከጦሩ አልተነሳም። ጆሮዬ ውስጥ ከአሳማው ጩኸት በቀር ምንም አልነበረም። የጋሽ ነስሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ግን አየሁ፣ «አሁን» ማለቱ ነበር። ከጎን ገብቼ ከፊት እግሩ ኋላ ባለኝ ኃይል ወጋሁት፣ ሳልለቅም ተደገፍኩበት። አንዴ ተንቀጠቀጠና ወደ ጉድጓዱ ተንሸራተተ።

ጋሽ ነስሩ ዋንዛውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሱሪው ውስጥ ደም ይፈሳል። ፎጣውን ከትከሻው አንስቼ ጭኑን ከላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ሀብቴ እየሮጠ መጥቶ አገዘኝ። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ከደረት ኪሱ ውስጥ ሴት ትጣራለች፤ «ጋሽ ነስሩ፣ ጋሽ ነስሩ፣ ማን ወደቀ?» ስልኩን አወጣሁት።

«አሳማው ነው የወደቀው እትዬ ሉባባ።»

«እሱስ?»

«ጭኑን ተወግቷል። ይናገራል ግን።»

«ደሙን አስራችሁታል?»

«አስረነዋል።»

«እንግዲያው ተሸክማችሁ ወደ ጀፎረው አውጡት። ከታች መታጠፊያው ላይ ባጃጅ የሚነዳ የወንድሜ ልጅ አለ፣ አሁን ደውዬ እልከዋለሁ» አለችና ዘጋችው። ጋሽ ነስሩን ተሸክመን ጀፎረው ላይ ስንደርስ ባጃጁ እየመጣ ነበር። ከኋላው ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ፣ እየተገፈታተሩ ይመጣሉ። ውሾቹን አይተው ቆሙና ሊያጫውቷቸው ተጠጉ። ሀብቴ እነሱን ሲያይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆየ።

ከሆስፒታል ስንመለስ እንደገና ደወልኩላት። በነገራችን ላይ አሳማው የሞተው ሰዎች የሚበሉት ምግብ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እንዴት እንደምነግራት ስጨነቅ ነበር። «እዚያው ቅበሩት» አለች ሳታመነታ። «ጉድጓድ ሌላ ይቆፈራል። አማቴም ቢኖሩ ይኼንኑ ነበር የሚሉት።» እዚያው ቀበርነው፣ ድንጋይ ጫንንበት፣ ታጠብን። እንዳልኳችሁ ነው፤ የፎከረ የለም።

ዱካ ማንበብ የሚችል ሰው አዳኝ ይመስለኝ ነበር። ዱካ ግን አውሬው የሄደበትን እንጂ አንተ የምትቆምበትን አይነግርህም። እሱን የሚነግርህ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠይቆ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ጓደኛህ እንግባ እያለ። ጋሽ ነስሩ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንዲት ሴት እስክታስታውስ የጠበቀውን ትዕግሥት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላገኘሁትም። እየሞከርኩ ነው።

የአረፋ ዕለት ልንጠይቀው ሀብቴና እኔ ቤቱ ሄድን። ሰው ሞልቷል፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ወንዶች ልጆቹ፣ ጎረቤቶች፣ ሽማግሌዎች። እሱ እግሩን ፍራሽ ላይ ዘርግቶ ክትፎ እየጎረሰ ነው። ሉባባም መጣች። በድምፅ ብቻ የማውቃት ስለነበረች ትልቅ ሴት ጠብቄ ነበር፤ ቀጠን ያለች፣ ከሱ በብዙ ዓመት የምታንስ ሆና አገኘኋት። ሰላምታው፣ ዱዓው፣ መብሉ አለቀና ነገሩን ስናወራ እሷ ድንገት ጠየቀች።

«ያን ቀን ስልኩ ውስጥ አንድ ወንድ ‹እማዬ› ሲል ሰማሁ። ከእናንተ የትኛችሁ ነበራችሁ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ እንዲህ የሚል ድምፅ አልሰማሁም። ሰዉ ግን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ከሦስታችን ልጁ እኔ ነኝ፣ የከተማ ልጅም እኔው ነኝ። አንዱ የጋሽ ነስሩ ልጅ ፈገግ ብሎ ጉልበቴን መታ አደረገኝ። አይደለሁም ብል የሚቀረው ማን እንደሆነ ገብቶኝ ዝም አልኩ።

ጋሽ ነስሩ ጉርሻውን ዋጠ። እጁን ጠረገ።

«እኔ ነበርኩ» አለ፣ በዚያው በማይቸኩል አነጋገሩ፣ ልጆቹ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት። «እግሬን ሲቀደው ነው የጠራኋት። በጣም ፈርቼ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሉባባ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች።

«‹አለሁ› ብዬህ ነበር እኮ» አለችው። «ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ‹አለሁ፣ አለሁ› አልኩ። አልሰማኸኝም እንዴ?»

«ሰምቼሻለሁ» አላት። «ሰምቼ ነው የቆምኩት።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጓሮ ገብቻለሁ፣ ከዚያ አውሬ የባሱም ገጥመውኛል። ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ያን አሳማ ማን እንደገደለው ነው፤ እኔ ነኝ እላለሁ፣ እውነትም ነው። በልቤ የያዝኩት ግን የዚያን ቤት ጸጥታ ነው፣ እጁን ጠርጎ «እኔ ነበርኩ» ሲል የነበረውን። ስለዚህ ነገ ጓሮው ውስጥ ስንቆም ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ስትፈሩ ንገሩኝ። እኔም ስፈራ እነግራችኋለሁ።